ለውጭ አገር ወጪ ክፍያው አነስተኛ የሆነ ካርድ አመራረጥ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሡ ተጓዦች የተዘጋጀ መመሪያ

ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር የሚነሣ ሰው ፓስፖርቱንና ቪዛውን ከጨረሰ በኋላ የሚያነሣልኝ ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ «የትኛውን ካርድ ይዤ ልሂድ? ክፍያው የሚቀንሰውስ የትኛው ነው?» ይለኛል። ጠያቂው አንድ ቀን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሃንጋሪ የሚሄድ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ መምህር ነው፤ ሌላ ቀን እናቱን ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚወስድ ልጅ ይሆናል፤ ዕቃ ለማምጣት ዱባይ የምትመላለስ ነጋዴም ይህንኑ ትጠይቀኛለች። ለሁሉም የሚሆን አንድ የባንክ ስም ስለሌለ፣ እርስዎ ራስዎ ወረቀትና ብዕር ይዘው ሊሠሩት የሚችሉትን አካሄድ በቅደም ተከተል አቅርቤዋለሁ።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። በልማድ ከባንክ የሚሰጠውን ካርድ ሁሉ «ክሬዲት ካርድ» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ክሬዲት ካርድ ባንኩ በብድር የሚከፍልልዎ፣ እርስዎም የወሩ ሒሳብ ሲደርስዎ የሚመልሱበት ካርድ ነው። ዴቢት ካርድ በሒሳብዎ ካለው ገንዘብ ላይ ወዲያውኑ ይቀንሳል። ቅድመ ክፍያ ካርድ ደግሞ አስቀድመው የሞሉበትን ገንዘብ ብቻ ያወጣል። የአገራችን ባንኮች ለውጭ አገር ወጪ በብዛት የሚሰጡት ከውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ዴቢት ካርድ ወይም ቅድመ ክፍያ ካርድ ሲሆን፣ እውነተኛው ክሬዲት ካርድ በአብዛኛው የሚገኘው ውጭ አገር በሚኖሩ ዘመዶቻችን እጅ ወይም እዚያ ደርሶ የባንክ ሒሳብ በከፈተ ተማሪ ዘንድ ነው። ክፍያው በሦስቱም ካርዶች ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚለያይ፣ በእጅዎ የሚገባው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያውቁ ማወዳደር አይቻልም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ የመግቢያ ቪዛ እና የበረራ ትኬት፤ ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ሲጠየቅ የጉዞ ማስረጃ ይፈልጋል።
- የፋይዳ ቁጥርዎ።
- የምታወዳድሯቸው ባንኮች የአገልግሎት ክፍያ ዝርዝር፣ ማለትም በተለምዶ «ታሪፍ» የምንለው ወረቀት፤ የወጣበት ቀን ያለበት ይሁን።
- የጉዞ ወጪዎ ግምት፣ በደብተር የተጻፈ።
- ውጭ አገር ሆነው መልእክት ሊቀበሉበት የሚችሉት ስልክ ቁጥር።
- ካልኩሌተር፤ የስልክዎ ይበቃል።
- ቢያንስ የአራት ሳምንት ጊዜ። በብዙ ባንኮች ካርዱ አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ ወደ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ስለሚላክ፣ በጉዞው ሳምንት የሚጠይቅ ሰው ያገኘውን ይዞ ለመሄድ ይገደዳል።

ደረጃ 1፦ ወጪዎን በአከፋፈሉ ዓይነት ይለያዩ

ጠቅላላ ወጪዎን ከገመቱ በኋላ በአራት ይክፈሉት፤ በሱቅ፣ በሆቴልና በሆስፒታል በፖስ ማሽን (በካርድ መክፈያው መሣሪያ) የሚከፈለውን፣ በኢንተርኔት የሚከፈለውን፣ ከኤቲኤም በጥሬው የሚወጣውን፣ እንዲሁም ሆቴል ወይም መኪና አከራይ በመያዣነት የሚያግደውን ለየብቻ ይጻፉ። ይህን የምናደርገው አንድ ካርድ በፖስ ማሽን ርካሽ ሆኖ በኤቲኤም እጅግ ውድ ሊሆን ስለሚችል ነው። የሆስፒታሉን ክፍያ በካርድ የሚፈጽመው የሕክምና ተጓዥና በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው የገበያ ሰው አንድ ዓይነት ካርድ አይስማማቸውም።

ደረጃ 2፦ ካርዱ በመድረሻዎ አገር መሥራቱን ያረጋግጡ

ክፍያው ምንም ያህል ቢያንስ፣ የማይሠራ ካርድ ጥቅም የለውም። በብር ሒሳብዎ ላይ የተሰጠዎትና የአገራችንን ባንኮች እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል በየባንኩ ኤቲኤም የሚሠራው የአገር ውስጥ ካርድ ከድንበር ውጭ አያገለግልም። ካርዱ ላይ የቪዛ፣ የማስተርካርድ ወይም የቻይናው የዩኒየንፔይ ምልክት ቢኖርም እንኳ፣ ለውጭ አገር አገልግሎት የተከፈተ መሆኑን ባንኩን ይጠይቁ።

አገሩንም ይዩ። በሩሲያ ቪዛና ማስተርካርድ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራቸውን ስላቋረጡ፣ ከሌላ አገር የተሰጡ የእነዚህ ድርጅቶች ካርዶች እዚያ አይሠሩም። በቻይና ደግሞ ብዙ ሱቆች የሚቀበሉት በስልክ የሚደረገውን የአሊፔይና የዊቻት ክፍያ ነው፤ የውጭ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ከእነዚህ መተግበሪያዎች ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ሆኖም ከ200 ዩዋን በላይ በሆነ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ መተግበሪያው 3 በመቶ ይጨምራል። ወደ ቻይና የሚሄድ ተማሪ ይህን 3 በመቶ ከካርዱ ክፍያ ጋር ደምሮ ማስላት አለበት። ባንኩ ዩኒየንፔይ የሚሰጥ ከሆነም በቅድሚያ እሱን ይጠይቅ።

ደረጃ 3፦ ታሪፉን በጽሑፍ ተቀብለው እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ

ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንድ ዘመዴ ካርድ ለማውጣት እዚሁ ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ አብሬው ሄጄ ነበር። ክፍያውን በቃል ስንጠይቅ «የካርዱ ማውጫ ብቻ ነው» ተባልን። ወረቀቱ እንዲሰጠን አጥብቀን ጠይቀን ስናገላብጠው፣ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ካርዱ በተሞላ ቁጥር የሚታሰብ መቶኛ፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ ከዶላር ውጭ በሆነ ገንዘብ ሲከፈል የሚጨመር ሌላ መቶኛ ተጽፎ አገኘን። ሠራተኛዋ ልትደብቀን አልፈለገችም፤ እሷ የነገረችን በመስኮቱ የምትቀበለውን ክፍያ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ወረቀቱን ሳያዩ ምንም አይወስኑ የምለው።

በወረቀቱ ላይ የሚከተሉትን ይፈልጉና ከእያንዳንዱ አጠገብ ቁጥሩን ይጻፉ፦

ሀ) የካርድ ማውጫና ዓመታዊ ክፍያ። ገንዘቡ ቢወጣም ባይወጣም ይከፈላል።

ለ) የመሙያ ክፍያ። በተለይ በቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ ይገኛል። ገና አንድ ዶላር ሳያወጡ የሚቆረጥ ስለሆነ ብዙ ሰው አይቆጥረውም።

ሐ) የውጭ ግብይት ክፍያ። ግብይቱ ከአገር ውጭ ሲሆን ወይም በሌላ ገንዘብ ሲፈጸም የሚጨመር መቶኛ ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ በሚሰጡ ብዙ ካርዶች ላይ ወደ 3 በመቶ ይደርሳል፤ ጭራሽ የማይጠይቁም አሉ። አንዳንዱ ባንክ ይህን ክፍያ የሚያስበው ገንዘቡ ዶላር ቢሆንም፣ ሻጩ ያለው ውጭ አገር ስለሆነ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

መ) የኤቲኤም ክፍያ። ብዙውን ጊዜ ቋሚ መጠን፣ መቶኛ ወይም ሁለቱም ነው። የኤቲኤሙ ባለቤት የሆነው የውጭ ባንክ የሚወስደው ሌላ ክፍያ በዚህ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ሠ) ቀሪ ሒሳብ መጠየቂያ፣ ተሞክሮ ሳያልፍ የቀረ ግብይት፣ ካርድ መተኪያና ካርዱ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ የሚቆረጥ ክፍያ። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ግን ለሁለት ዓመት የሚሄድ ተማሪ ሊያያቸው ይገባል።

ረ) የምንዛሪ ዋጋ። ይህ በታሪፉ ላይ በክፍያ መልክ ባይጻፍም ክፍያ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ባንኮች ዋጋቸውን በየራሳቸው ስለሚያወጡ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት ባንኮች የሚለጠፈው የዶላር መሸጫ ዋጋ ሊለያይ ይችላል። ዶላሩን ከባንኩ በብር ገዝተው ካርዱ ላይ የሚያስሞሉ ከሆነ፣ በሰሌዳው ላይ መመልከት ያለብዎት መግዣውን ሳይሆን መሸጫውን ነው።

ደረጃ 4፦ የሒሳቡን ገንዘብ ከመድረሻዎ ገንዘብ ጋር ያዛምዱ

ባንኩ ሒሳቡን በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ የሚከፍት ከሆነ በሚያወጡበት አገር ገንዘብ ይክፈቱት። ወደ ጀርመን የሚሄድ ሰው ከዘመዱ የተላከለትን ዩሮ በዶላር ሒሳብ ቢያስገባ፣ ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ከዚያ በርሊን ላይ ሲከፍል እንደገና ወደ ዩሮ ይመነዘራል፤ በሁለቱም ምንዛሪ ላይ ይቆረጥበታል። ወደ ዱባይ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ቱርክ ለሚሄድ ግን የዶላር ሒሳብ ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ በራስዎ ወጪ ላይ ስሌቱን ይሥሩ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌቱ ማሳያ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የማንም ባንክ ታሪፍ አይደሉም። አንድ ሰው እናቱን ለሕክምና ወስዶ 3,000 ዶላር ሊያወጣ አስቧል እንበል፤ 2,400ውን በፖስ ማሽን፣ 600ውን ደግሞ በሦስት ጊዜ ከኤቲኤም።

የመጀመሪያው ካርድ ቅድመ ክፍያ ነው፤ ማውጫው 10 ዶላር፣ መሙያው 1 በመቶ፣ የውጭ ግብይቱ 2.5 በመቶ፣ ኤቲኤሙ በአንድ ጊዜ 4 ዶላር ነው። ማውጫ 10፣ መሙያ 30፣ የግብይት 75፣ የኤቲኤም 12፤ ድምሩ 127 ዶላር ይሆናል።

ሁለተኛው የዶላር ሒሳብ ዴቢት ካርድ ነው፤ በዓመት 15 ዶላር፣ የውጭ ግብይቱ 1.5 በመቶ፣ ኤቲኤሙ በአንድ ጊዜ 5 ዶላር ነው። 15፣ 45 እና 15 ተደምረው 75 ዶላር ይሆናል።

ሦስተኛው ውጭ አገር የተሰጠ ክሬዲት ካርድ ነው፤ የውጭ ግብይት ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ሲሆን በጥሬ ገንዘብ ላይ 5 በመቶ ይወስዳል። 95 እና 30 ተደምረው፣ ወለዱ ሳይቆጠር 125 ዶላር ይሆናል።

እንግዲህ «ከውጭ ግብይት ክፍያ ነጻ» የሚል የተጻፈበት ካርድ በዚህ ተጓዥ ላይ ከዴቢቱ 50 ዶላር ይበልጥበታል። ይኸው ሰው ግን በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ነጋዴ ቢሆንና ሁሉንም በፖስ ማሽን ቢከፍል ነገሩ ይገለበጣል፤ የሁለቱን ዓመታዊ ክፍያ ልዩነት 80 ዶላር ለ1.5 በመቶ ሲያካፍሉ 5,333 ዶላር ስለሚመጣ፣ ከዚህ መጠን በላይ የሚያወጣ ሰው በሦስተኛው ካርድ ይጠቀማል። የእርስዎን ቁጥሮች በእነዚህ ቦታ ተክተው ይሥሩት፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድም።

ደረጃ 6፦ ከባሕር ዳር ሳይነሡ ካርዱን ይፈትኑት

ካርዱን ተቀብሎ በፖስታው እንዳለ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። የሚስጥር ቁጥሩን በባንኩ ኤቲኤም ላይ ራስዎ ይሞክሩት፤ በስሕተት ከተላከ ወይም ከጠፋ እዚህ ሆኖ ማስተካከል ቀላል ነው፤ ቡዳፔስት ሆኖ ግን ባለቤቱ በአካል ይቅረብ ይባላሉ። ከዚያም በኢንተርኔት አነስተኛ ክፍያ ይፈጽሙና የተቀነሰውን ከታሪፉ ጋር ያስተያዩ። በዚህ ፈተና የተደበቀ ክፍያ ካለ ይታያል፤ ካርዱ ለኢንተርኔት ግብይት መከፈቱም ይረጋገጣል።

የማረጋገጫ መልእክቱን ጉዳይ ለብቻው ያስቡበት። በኢንተርኔት ሲከፍሉ ባንኩ ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል ቁጥር ወደ ስልክዎ ይልካል፤ ሲም ካርድዎ ሮሚንግ (ውጭ አገር የሚሠራበት አገልግሎት) ካልተከፈተለት መልእክቱ ስለማይደርስዎ የዩኒቨርሲቲውን ክፍያ በመጨረሻው ቀን ለመክፈል ተቀምጠው ይቀራሉ። ሮሚንጉን አስከፍተው ይሂዱ፤ ባንኩ ቁጥሩን በኢሜይል ወይም በመተግበሪያው የሚልክ ከሆነም ያንን ያስመዝግቡ።

በመጨረሻም ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በቀን ስንት ማውጣትና ስንት መክፈል እንደሚፈቀድ፣ እንዲሁም ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ሊሞላልዎ እንደሚችል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ በውጭ ምንዛሪ እንጂ እንደ ብር ሒሳብ በማንም ሰው እጅ የሚሞላ አይደለም፤ ባንኩ ቤተሰብዎ እንዲያንቀሳቅስልዎ ውክልና የሚጠይቅ ከሆነ፣ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ቀርበው የሚፈርሙት ስለሆነ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱት።

ደረጃ 7፦ በፖስ ማሽኑ ፊት የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ

በጥንቃቄ የተመረጠ ካርድ ጥቅሙን ሁሉ የሚያጣው በዚህች ቅጽበት ነው። ውጭ አገር ሲከፍሉ ማሽኑ አንዳንድ ጊዜ በአገሩ ገንዘብ ወይም በካርድዎ ገንዘብ እንዲከፍሉ ያስመርጥዎታል። በካርድዎ ገንዘብ ከመረጡ፣ ምንዛሪውን የሚያደርገው የእርስዎ ባንክ መሆኑ ቀርቶ ማሽኑን ያቀረበው ድርጅት ይሆናል፤ እሱም በዋጋው ላይ የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል።

በዱባይ አንድ ሆቴል ስንለቅ የሆነውን ላሳይዎ። ሒሳቡ 1,469 ድርሃም ነበር። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ማሽኑን ወደ እኛ ሳያዞር «በዶላር ይሻላችኋል፤ የሚወጣውን በትክክል ታውቁታላችሁ» አለን። ማሽኑን አዙር ብለን ስናየው በላይኛው መስመር 1,469 ድርሃም፣ በታችኛው 420 ዶላር፣ በጥቃቅን ፊደል ደግሞ 1 ዶላር 3.4976 ድርሃም እንደሆነ ይነበባል። የኤሚሬትስ ድርሃም ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ዶላር በ3.6725 የታሰረ ነው፤ ስለዚህ 1,469 ድርሃም ማለት ልክ 400 ዶላር ነው። የታችኛውን መስመር ብንጫን ኖሮ 20 ዶላር ለምንም ይሄድ ነበር። ካርድዎ 3 በመቶ የሚያስከፍል እንኳ ቢሆን በድርሃም ሲከፍሉ 412 ዶላር ስለሚሆን አሁንም 8 ዶላር ያተርፋሉ።

ስለዚህ ማሽኑን በእጅዎ ይያዙ፤ ማያ ገጹን ያንብቡ፤ የአገሩን ገንዘብ ስም ይጫኑ። ሠራተኛው ሳይጠይቅዎ በዶላር ካደረገው ከመፈረምዎ ወይም የሚስጥር ቁጥር ከማስገባትዎ በፊት ሰርዞ እንደገና እንዲሠራው ይጠይቁ፤ ከተፈረመ በኋላ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የዕለቱን ዋጋ አስቀድሞ ለማወቅ ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ በድረ ገጻቸው ላይ ማስሊያ አላቸው፤ ቀኑን፣ መጠኑንና የባንክዎን መቶኛ ሲያስገቡ የሚቀነሰውን ይነግርዎታል።

ደረጃ 8፦ ጥሬ ገንዘብ ጥቂት ጊዜ፣ በርከት አድርገው ያውጡ

ባንክዎ 5 ዶላር፣ የኤቲኤሙ ባለቤት 3 ዶላር ይወስዳሉ እንበል። 50 ዶላር ሲያወጡ 8 ዶላሩ 16 በመቶ ነው፤ 400 ሲያወጡ ግን 2 በመቶ ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር የራሱ አደጋ ስላለው፣ የአንድ ሳምንት ወጪ ማውጣት ተገቢ ይመስለኛል። ኤቲኤሙም እንደ ፖስ ማሽኑ «በዚህ ዋጋ ልመንዝርልዎ?» ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል፤ አልፈልግም የሚለውን ይጫኑ። ብዙ ሰው አልፈልግም ካለ ገንዘቡ የማይወጣ ይመስለዋል፤ ይወጣል፤ የሚቀረው የማሽኑ ምንዛሪ ብቻ ነው።

ደረጃ 9፦ ክሬዲት ካርድ ከያዙ ለግዢ ብቻ ይጠቀሙበት

በክሬዲት ካርድ ለተገዛ ዕቃ ወለድ የማይታሰብበት ጊዜ የሚሰጠው፣ የወሩን ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ሰው ነው። በአሜሪካ ሕግ የወር ሒሳቡ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ ሊላክልዎ ይገባል። ከኤቲኤም በጥሬው ያወጡት ገንዘብ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፤ የአገልግሎት ክፍያም ይጨመርበታል። ስለዚህ ክሬዲቱን ለሆቴልና ለግዢ፣ ዴቢቱን ለኤቲኤም ያድርጉ።

ሆቴልና መኪና አከራይ በመያዣነት ገንዘብ ሲያግዱም ልዩነቱ ይታያል። በክሬዲት ካርድ የሚታገደው ከብድር ጣሪያዎ ላይ ነው፤ በዴቢትና በቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ ግን የሚታገደው የራስዎ ገንዘብ ሲሆን፣ ከለቀቁ በኋላም ለቀናት ታግዶ ሊቆይ ይችላል። ብዙ መኪና አከራዮች ቅድመ ክፍያ ካርድ ጨርሶ አይቀበሉም።

ደረጃ 10፦ ሲመለሱ ሒሳቡን ያመሳክሩ

ደረሰኞችዎን በአንድ ፖስታ ያጠራቅሙና ከሒሳብ መግለጫው ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። የተቀነሰው ከደረሰኙ ትንሽ ቢለይ አይደንግጡ፤ ምንዛሪው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በከፈሉበት ቀን ሳይሆን ግብይቱ ለባንክዎ በደረሰበት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ የተቀነሰ ካለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ በጽሑፍ ያመልክቱና የደረሰኙን ቅጂ ያያይዙ። ካርዱን ዳግመኛ የማይጠቀሙበት ከሆነ የቀረውን ገንዘብ አውጥተው ያዘጉት፤ አለበለዚያ ዓመታዊ ክፍያው ቀሪውን ይበላዋል።

ማስጠንቀቂያ

በቴሌግራም «ዶላር የተሞላበት ካርድ» የሚሸጡ ሰዎችን አይመኑ። በሌላ ሰው ስም የወጣ ካርድ በማንኛውም ሰዓት ሊዘጋብዎ ይችላል፤ ቅሬታ የሚያቀርቡበት ባንክም አይኖርዎትም፤ ፈቃድ ካለው ባንክ ወይም የምንዛሪ ቢሮ ውጭ የሚደረግ የውጭ ምንዛሪ ግዢም በሕግ ያስጠይቃል። የካርድዎን ሁለቱን ገጾች ፎቶ አንሥተው ለማንም፣ ለቤተሰብም ቢሆን፣ አይላኩ። የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ሰው የባንክ ሠራተኛ ነኝ ቢልም አይስጡ። በአንድ ካርድ ብቻም አይሂዱ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ለይተው በሌላ ቦርሳ ያስቀምጡት፣ ኤቲኤም ካርድዎን ቢውጠው ሌላ መውጫ የለዎትምና።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

ዓመታዊ ክፍያውን ብቻ አይቶ መምረጥ ዋነኛው ነው፤ በደረጃ 5 እንደታየው ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የግብይቱ መቶኛ ነው። የሁለት ዓመት አሮጌ ታሪፍ ከጓደኛ ተቀብሎ ማስላትም እንዲሁ ያሳስታል። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቅድመ ክፍያ ካርድ ላይ የሚሞሉ አሉ፤ የመሙያ ክፍያው በመቶኛ ከሆነ በአንድ ጊዜ መሙላት የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ካርዱ ቢጠፋ ግን ጉዳቱን ያከብደዋል፤ ክፍያው ቋሚ መጠን ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ መሙላቱ ይሻላል። ዕቃ መልሰው ገንዘቡ ሲመለስላቸው በሌላ ቀን ምንዛሪ መሆኑን ሳያውቁ የሚከራከሩም ገጥመውኛል።

ከውጭ ወደ ባሕር ዳር ለሚመጡ ዘመዶች

ለጥምቀት ወይም ለሠርግ የሚመጣ ወንድምዎ ወይም አክስትዎ ይህንኑ ከጠየቁዎት፣ የደረጃ 7 ሕግ ለእነርሱም ይሠራል፤ በጣና ዳር ሆቴሎች ማሽኑ ካስመረጣቸው ብርን ይምረጡ። ከመምጣታቸው በፊት ካርዳቸው የውጭ ግብይት ክፍያ እንዳለው ለባንካቸው ደውለው ይጠይቁ፤ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚጓዙም ያሳውቁ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን ግብይት ባንካቸው ማጭበርበር መስሎት ሊያግደው ይችላል። ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚወስዱት ጀልባዎችም ሆኑ የገዳማቱ መግቢያ በአብዛኛው በካርድ ስለማይከፈሉ፣ ለዚያ የሚሆን ብር ከባንክ መንዝረው ይያዙ። የመነዘሩበትንም ደረሰኝ አይጣሉት፤ ሲመለሱ የተረፈውን ብር መልሶ ለመቀየር ባንኩ የሚጠይቃቸው እሱን ነው።